በሾላው በኩል ያለው ማጠፊያ

ማጠፊያውም መቀርቀሪያውም በአንድ በኩል መሆናቸውን ያየሁት አናጢው ጋሽ ቢተው ምሳውን በልቶ፣ መሣሪያውን በከረጢት ከትቶ፣ «የበረከት በር ይሁንላችሁ» ብሎ ከሄደ በኋላ ነው። ሁለቱም በሾላው ዛፍ በኩል ተመትተዋል። መቀርቀሪያውን ስገፋው የማጠፊያው ብረት ላይ ቀጭ ብሎ ይቆማል። በሌላው በኩል፣ በውኃ ገንዳው በኩል፣ መዝጊያውን የሚይዘው ነገር የለም። ነፋስ ሲመጣ ይከፈታል፤ ነፋስ ሲሄድ ይገረበባል።

እየሮጥኩ ድልድዩ ጋ ደረስኩበት።

«ጋሽ ቢተው፣ በሩ አይዘጋም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ አስረበብ።»

«እያወቅህ ነው የሠራኸው?»

«ሥዕሉ መቀርቀሪያው በሾላው በኩል ይሁን ይላል። ጽሑፉ ደግሞ ማጠፊያው በሾላው በኩል ይሁን ይላል። መቀርቀሪያውን ለሥዕሉ ሰጠሁ፣ ማጠፊያውን ለጽሑፉ ሰጠሁ። ማንንም አላስቀየምኩም።» ከረጢቱን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረ። «ማየት አያለሁ። ማሰብ ግን በደመወዜ ውስጥ የለም።»

ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ከልቡ አዝኖልኝ ነበር።

የአገራችንን ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ምንም ነገር ያለ ወረቀት አይሠራም፤ ወረቀቱም ሁለት ነው። ከወንዙ ማዶ መስመር ቤት አለ። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ይሥላሉ፤ ፊደል መጻፍ ግን ክልክል ነው። ከወንዙ ወዲህ ቃል ቤት አለ። እዚያ ያሉት ይጽፋሉ፤ ሥዕል ግን አያዩም፤ ሥዕል ያየ ጸሐፊ ቃሉ ይጣመማል ይባላል። በር የሚፈልግ ሰው ለሁለቱም ያመለክታል። ሥዕሉና ጽሑፉ በየራሳቸው መንገድ መጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት አናጢው እጅ ላይ ነው። ለምን ሁለት ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ሁለቱ ባላዎች ሲጣሉስ? ሕጉ አጭር ነው። ሁለቱም ይከበራሉ።

ሲከበሩም ኖረዋል። የትምህርት ቤታችን መስኮቶች በሥዕሉ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በጽሑፉ የሉም። ስለዚህ አሥራ ሁለት መስኮት ከነመስታወታቸው ተሠርተው፣ ከኋላቸው በግንብ ተደፍነዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት እዚያ ነው። የጤና ጣቢያው ደረጃ በጽሑፉ ወደ ላይ፣ በሥዕሉ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ሕመምተኛ ሰባት ደረጃ ወጥቶ፣ ሰባት ደረጃ ወርዶ፣ መጀመሪያ በቆመበት ወለል ላይ ይታከማል። ድልድዩ መደገፊያ ያለው እስከ ግማሹ ድረስ ነው። ሰው ግማሹን ተደግፎ፣ ግማሹን ጸልዮ ይሻገራል።

ባለቤቴም አናጢ ነበር። አንድ ቀን ሥዕሉንና ጽሑፉን ጎን ለጎን አስቀምጦ አስተያየና፣ የማይሆነውን ትቶ የሚሆነውን በር ሠራ። ያ በር እስከ ዛሬ ይዘጋል። እሱ ግን አንዱን ቤት ስላላከበረ ሰባት ዓመት ተፈርዶበት ጉም ጥበቃ ተላከ። ጉም ጥበቃ ከተራራው ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ጉሙ ጥሎ እንዳይሄድ ይጠብቃሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ይመጣልኛል። «እኔ ደህና ነኝ። ጉሙም ደህና ነው» ይላል። አራት ዓመት ቀርቶታል።

አሁን የደበቅሁትን ልናገር። የበራችን ነገር የእኔ ጥፋት ነበር።

መጀመሪያ ሥዕሉም ጽሑፉም ተስማምተው ነበር፤ ማጠፊያው በገንዳው በኩል፣ መቀርቀሪያው በሾላው በኩል። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ አንድ ሌሊት ማሰብ ጀመርኩ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ማጠፊያው በገንዳው በኩል ከሆነ መዝጊያው ከውስጥ ካለው የድንጋይ ገንዳ ጋር ተጋጭቶ ከግማሽ በላይ አይከፈትም። እሳት ቢነሳስ? እኔና ልጄ ለመውጣት ስንጋፋ አንዳችን ብንወድቅስ? ሲነጋ ቃል ቤት ሄጄ «ይገልበጥልኝ» አልኩ። በትሕትና ጻፉልኝ። ለመስመር ቤትም መንገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ዝናብ ጀመረ፣ የድልድዩም ግማሽ መደገፊያ የለውም። ልጄ ትርንጎ ደግሞ መስመር ቤት ነው የምትሠራው፤ ለእሷ ብነግራት ይበቃ ነበር። «እማዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ?» ትለኛለች ብዬ አፈርኩ። ነገ እላለሁ አልኩ። በማግስቱም ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ቢተው ሳንቃውን ተሸክሞ ከች አለ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ የወፍጮ ድንጋይ እየገፋሁ በሩን አስደገፍኩ። ትርንጎ ቃል ቤትን ረገመች። እኔ ዝም አልኩ።

ትርንጎ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ መስመር ቤት ስትቀጠር ግን መጻፍ እንደማትችል በጣት አሻራዋ አረጋግጣ ነው የገባችው። አንድ ቀን ድንጋዩን አብራኝ እየገፋች ቆም አለች።

«እማዬ፣ ወረቀቱ አንድ ቢሆንስ?»

«አባትሽ የት እንዳለ ረሳሽው?»

«አባዬ በሁለት ወረቀት መሐል ገብቶ ነው የተቀጣው። እኔ መሐል የሌለው ወረቀት ነው የምለው።»

የፈሩት ይደርሳል። በሳምንቱ ሐሳቧን ይዛ እኩል ያዡ ዘንድ ቀረበች። እኩል ያዥ ማለት ሁለቱን ቤቶች እኩል የሚይዝ ሹም ነው። የዛሬው ጓንጉል ይባላል፤ ሁለት ወንበር አጋጥሞ መሐላቸው ላይ የሚቀመጥ፣ ወገቡን የሚያመው፣ ደግ ሽማግሌ። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

«ልጄ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው» አላት። «ለዚህ ነው ያዘንኩልሽ። ልማዱን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እናትሽ እንድትሰማው ልበለው። አዲስ ወረቀት የሚያመጣ ሰው መሣልም መጻፍም ይፈቀድለታል፤ ግን በዚያ ወረቀት የተሠራውን በር ዘግቶ ያድራል። በሩ በሚሠራበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ እኔ ቤት ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ብቻውን ይናገር እንደሆነ እንድናይ። ማታ በሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ሦስት ጊዜ ይከፈታል፣ ሦስት ጊዜ ይገጠማል፣ ከዚያ ይቀረቀራል። ከሚነፉት ሦስት መለከቶች ሦስተኛው ሲነፋ ያልተቀረቀረ እንደሆነ...»

«ጉም» አለች ትርንጎ።

«ጉም» አለ ጓንጉል። «ሰባት ዓመት። ብርድ ልብስ እኛ እንሰጣለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የእንጨት ፍቅፋቂና ጥራጊ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ሁሉንም በምልክት አደረገችው። ሦስት መቶ ምልክት ፈጥራ ጋሽ ቢተውን ጠራችው።

«ይቺ ምንድን ናት?» አላት።

«የምስማር ራስ።»

«ይቺስ?»

«ትንሽ የተጣመመ ምስማር።»

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከማጠና በሩን ብሠራ ይቀለኛል።»

ቀጥሎ ሁሉንም በቃል ጻፈችው። አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ጋሽ ቢተው ሦስተኛው ገጽ ላይ «መዝጊያው ገና አልተወለደም?» ብሎ ጠየቀ፤ አምስተኛው ላይ አንቀላፋ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ወረቀት ላይ አደረገች፤ በአንዱ ጎን ሥዕል፣ በሌላው ጎን ስለ ሥዕሉ ጽሑፍ። ደስ ብሏት አሳየችኝ። አየሁት። ሥዕሉ ላይ ማጠፊያው ሁለት ነው፣ ጽሑፉ ሦስት ይላል። ጣቴን አስቀመጥኩበት። ተቀምጣ አለቀሰች። መስመር ቤትንና ቃል ቤትን አንድ ጣሪያ ሥር አስገብታቸው ኖሯል፤ ጠባቸውን ግን አላስቀረችውም።

ያዳናት ጋሽ ቢተው ነው፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አያምንም። «ጋሼ፣ ወረቀት ሳይመጣ፣ ለሥራ ጓደኛህ በር ስታስረዳ እንዴት ነው የምታደርገው?» አለችው።

ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ከኪሱ ከሰል አወጣና ሳንቃው ላይ አንድ መስመር አሰመረ። «እዚህ» አለ። መስመሩን በጣቱ እየነካ «ሦስት፣ ከብረት» አለ። ሌላ አሰመረ። «እዚህ ደግሞ አንድ፣ ከወይራ» አለ። «የት እንደሆነ በአፌ ብናገር ቀኑ ይመሻል። ስንት እንደሆነ ብሥል እጄ ይዝላል።» ወዲያው መስመሩን በክርኑ አጠፋው።

ትርንጎ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በሁለት ወር ውስጥ ሰሌዳውን ሠራችው። ሰሌዳው የበሩ አምሳያ ነው፤ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ አለው። ምልክቶቹ ከእንጨት የተቀረጹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ የማጠፊያ፣ የመቀርቀሪያ፣ የደፍ፣ የጉበን፣ እንዲህ እያለ። እያንዳንዱ ምልክት የወረቀት ምላስ ተንጠልጥሎበታል። ምልክቱ የት እንደሆነ ይናገራል፤ ምላሱ ላይ ስንት፣ ከምን፣ ለምን የሚለው ይጻፋል። ምልክቱ ሲነሳ ቃሉም አብሮ ይነሳል። አንድ ነገር ሁለት ቦታ የሚባልበት መንገድ የለም።

እኔ እንግዲህ እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አላለቀም።

«በችኮላ የሚሠራ ሰው ማጠፊያውንና መቀርቀሪያውን በአንድ በኩል ቢያደርግስ?»

«እንዳያደርግ እነግረዋለሁ።»

«ባይሰማሽስ?»

«እማዬ፣ ሁሉ ነገር...» አለችና የማጠፊያውን ምልክት አንስታ አየችው። በሦስተኛው ቀን የማጠፊያውን ምልክት እንደገና ቀረጸችው። አሁን ሁለት ረጃጅም ጥርስ አለው፤ የተቀመጠበትን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ይይዘዋል፤ መቀርቀሪያ እዚያ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። «ይኸው፣ ፍርሃትሽን እንጨት አደረግሁት» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ሰሌዳው ሲቀርብ ሁለቱ አለቆች መጡ። የቃል ቤቱ አለቃ በምልክቶቹ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ።

«ይህ ቋንቋ ድልድይ ማለት ይችላል?»

«አይችልም፣ ጌታዬ።»

«ሐዘንን መግለጽስ?»

«አይችልም። የበር ነው።»

«ፀሐይ ስትወጣ ያሳያል?» አለ የመስመር ቤቱ አለቃ።

«አያሳይም።»

ሁለቱም ተከፉ። እኩል ያዥ ጓንጉል እኩል መከፋታቸውን አረጋግጦ፣ የፈተናውን ቀን ቆረጠ። የሚሠራው በር የእኛው ቤት በር እንዲሆን ተወሰነ።

ከፈተናው በፊት በነበሩት ቀናት ስለ ገንዳው ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። እየሣቀች ስትሠራ አያታለሁና እዘጋዋለሁ። ሰሌዳውን ጨርሳ በጨርቅ ሸፈነችው። በማለዳ ሁለት ሰዎች መጥተው ወደ ጓንጉል ቤት ወሰዷት። ስትሄድ «ድንጋዩን ዛሬ አትግፊው፣ ወገብሽን» ብላኝ ሄደች።

ጋሽ ቢተው አሮጌውን በር ነቅሎ ሰሌዳውን ገለጠ። ማጠፊያው በገንዳው በኩል፣ መቀርቀሪያው በሾላው በኩል ነበር። ትርንጎ የሠራችው መስመር ቤት ከነበረው ከመጀመሪያው ሥዕል ነው፤ ማጠፊያውን ወደ ሾላው ያዞረው የቃል ቤት ስሕተት ነው ብላ ታምናለች። እኔ ነኝ ያሳመንኳት፣ ዝም ብዬ። መስመር ቤት ደግሞ በር እንጂ ገንዳ አይሥልም። በሩ በዚህ ሰሌዳ ከተሠራ ይዘጋል፤ እስከ ግድግዳው ግን አይከፈትም። ሦስት ጊዜ ቀርቶ አንድ ጊዜም አይከፈትም።

«ጋሽ ቢተው» አልኩ። «ማጠፊያውን በሾላው በኩል አድርገው።»

«በአፍ?»

«በአፍ። ማንም አልሰማም።»

«እትዬ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተነገረ ነገር ምን እንደሚያደርግ በዚህ ደጃፍ ላይ አይቻለሁ።» አላየኝም፤ ሳንቃውን ነው የሚልገው። ሁሉንም ያውቅ ኖሯል። «ሰሌዳው ላይ አድርጊው፤ እኔ ሰሌዳውን እሠራለሁ።»

«መንካት ይፈቀዳል?»

«ሕጉ ሠሪዋ እንዳትነካው ይላል። ስለ እናቷ የሚል አላነበብኩም።»

የማጠፊያውን ምልክት ነቀልኩና ወደ ሾላው በኩል ወሰድኩት። አልገባም። ገፋሁት፤ እምቢ አለ። ልጄን በገዛ እጄ ለጉም ሰጠኋት ብዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬ ሳየው ነው የታየኝ። መቀርቀሪያው እዚያ አለና ጥርሶቹ አያልፉም። ያ እኔው የፈራሁት ነገር ነበር፤ ፍርሃቴ ቆሞ እኔኑ ይከለክለኛል። መቀርቀሪያውን ነቅዬ በገንዳው በኩል አስገባሁት። ከዚያ ማጠፊያው ሰተት ብሎ ገባ። ምላሶቹም አብረው ሄዱ፤ ስንት እንደሆነና ከምን እንደሆነ መልሼ መጻፍ አላስፈለገኝም።

በማጠፊያው ምላስ ላይ «ለምን» የሚለው ባዶ ነበር። ከሰሉን ተቀብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ቢተው ጎንበስ ብሎ አነበበ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «በገንዳው ምክንያት ከሆነማ» አለ፣ «መቀርቀሪያው ከገንዳው ከንፈር ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ እጅ ይቀረጥፋል።» ምልክቱን አንድ ጥርስ ወደ ላይ አነሳው። አናጢ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ ወረቀት ላይ እጁን ሲያሳርፍ የመጀመሪያው ነበር። ጣቱን በሱሪው ጠረገና ወደ መጋዙ ተመለሰ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጡ። ጓንጉል፣ ከየቤቱ አንድ አንድ መርማሪ፣ መሐላቸው ትርንጎ። የመጀመሪያው መለከት ተነፋ። ልጄ በሩን አየች፤ ማጠፊያው ያለበትን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሰሌዳዬን ማን ነካው?»

ጋሽ ቢተው ፍቅፋቂውን ይጠርጋል። ወደ ሰሌዳው ሄደች፣ ምላሱን በጣቷ ያዘች፣ አነበበች። የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «ገንዳው እዚያ ስላለ። አምናም ለቃል ቤት ብቻ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ሁለት ጊዜ ያነበበችው መሰለኝ። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

«አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቃል ቤትን ስረግም ዝም ብለሽ ትሰሚ ነበር?»

«ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር።»

«የሰው ስም እኮ ነው ያስጠፋሽኝ።» ቁጣዋ ግን ድምጿ ላይ እንጂ ዓይኗ ላይ አልነበረም። ምላሱን ደግማ አየችው። «መቀርቀሪያውን ማን ከፍ አደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ቢተው ወደ መሬት እያየ። «ለምን እንደሆነ ተጽፎ አይቼ ነው።»

ሁለቱ መርማሪዎች ሰሌዳውን ሊመረምሩ ቀረቡ። የመስመር ቤቱ መስመሩን፣ የቃል ቤቱ ቃሉን ለማየት ሲጎነበሱ ራስ ለራስ ተጋጩ፤ አንድ ነገር ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሲያዩ አያውቁም። የቃል ቤቱ መርማሪ ግንባሩን እያሸ «ቃሉ ተከብሯል» አለ። የመስመር ቤቱም «መስመሩም ተከብሯል» አለ። ከዚያ የትኛው ቀድሞ እንደተከበረ መከራከር ጀመሩ። ሁለተኛው መለከት ተነፋ።

ትርንጎ ገብታ በሩን ሳበችው። ግድግዳውን ነካ። ገጠመችው። ደገመችው። በሦስተኛው ጓንጉል ወገቡን ይዞ «እናቲቱም ትግባ፤ የምታድርበት እሷም ናት» አለ። ገባሁ። ጋሽ ቢተው ከውጭ ከረጢቱን ሲያነሳ ሰማሁት፤ እንደ አምናው አልመረቀንም፤ የፈራ ይመስለኛል። በሩ ተገጠመ። ከውጭ ክርክሩ በሳንቃው በኩል ይሰማል።

«ነገ» አለች ትርንጎ ዝግ ብላ፣ «አባዬን ያስቀጣውን በር በሰሌዳ ላይ አደርገዋለሁ። ልክ እንደነበር ሁለቱም ቤቶች ባንድ ጊዜ ያዩታል።»

«ባይፈቅዱልሽስ?»

«ደግሞ ጀመረሽ» አለች። እጄን ይዛ መቀርቀሪያው ላይ አስቀመጠችው። «ግፊው፤ ያንቺ ቦታ ነው።»

በልማዴ ወደ ወፍጮው ድንጋይ አየሁ። ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛው መለከት ገና አልተነፋም። መቀርቀሪያውን ገፋሁት። ቀጭ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። እስከ መጨረሻው ገባ።